የተበጠበጠ ምስል ሁሉ የተቆለፈ አይደለም፦ የትርምስ ምስጠራ የት የት ይሰበራል?

ፍኖተ ሰላም ወይም ደምበጫ አካባቢ የተነሳ ራጅ ባሕር ዳር ያለ ስፔሻሊስት ይየው ከተባለ፣ ድሮ ፊልሙ በካኪ ፖስታ ሆኖ በአስታማሚ እጅ ይሄድ ነበር። አሁን ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳትና በቴሌግራም መላክ ይቀላል። በምስሉ ጥግ ላይ ግን የታካሚው ስም፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። አልትራሳውንዱም፣ ለመታወቂያ የተነሳው ጉርድ ፎቶም፣ ስካን የተደረገው የይዞታ ደብተርም እንደዚያው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ገመና መጠበቅ የጨዋነት ጉዳይ ከመሆን አልፎ የሕግ ግዴታ ሆኗል።

ስለዚህ በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ወይም በእንጅባራ ኮምፒውተር የሚያጠና ተማሪ «ምስል የሚመሰጥር ሥርዓት ልሥራ» ብሎ ቢነሳ ሐሳቡ የሚደገፍ ነው። ርዕስ ፍለጋ ኢንተርኔት ሲከፍት ግን ደጋግሞ የሚያጋጥመው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ በትርምስ ሒሳብ፣ ማለትም በኬኦስ ላይ የተመሠረተ የምስል ምስጠራ። ኮዱ አጭር ነው፤ ውጤቱም ዓይን ይሞላል። የሰው ፊት የነበረው ምስል ጣቢያ እንደጠፋበት ቴሌቪዥን ይሆናል፤ ሠንጠረዡ ላይ ያሉት ቁጥሮችም ያማሩ ናቸው። እነዚህ ሥርዓቶች ግን በተደጋጋሚ ይሰበራሉ። ሰባሪው በእጁ ምን ይዞ ምን እንደሚያደርግ፣ ያማሩት ቁጥሮችም ይህን ለምን እንደማያሳዩ ከታች በዝርዝር እናያለን።

ቀመሩ

ከ0 እና ከ1 መካከል አንድ ቁጥር ይያዙ፤ 0.3 ይሁን። ከ1 ላይ ሲቀነስ 0.7 ይቀራል። ሁለቱን ያባዙ፤ 0.21 ነው። ይህን በ3.9 ያባዙት፤ 0.819 ይመጣል። አሁን 0.819ን መነሻ አድርገው ያንኑ ሥራ ይድገሙ፤ 0.578 ያገኛሉ፤ አንዴ ሲደግሙት 0.951። ይህ ሎጂስቲክ ማፕ የሚባለው ቀመር ነው። ሮበርት ሜይ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የእንስሳት ብዛት ከትውልድ ትውልድ እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ቀላል ቀመር ምን ያህል የተወሳሰበ ጠባይ እንዳለው ካመለከተ በኋላ በሰፊው ታወቀ። መነሻውን ከ0.3 ወደ 0.3000001 ቢቀይሩት የመጀመሪያዎቹ ውጤቶች ይመሳሰላሉ፤ 30 ወይም 40 ዙር ካለፈ በኋላ ግን ሁለቱ ተከታታዮች አይተዋወቁም። ኤድዋርድ ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1963 በአየር ጠባይ ስሌት ላይ ያሳየው ይህንኑ ጠባይ ነበር።

ክሎድ ሻነን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1949 ጥሩ ምስጠራ ሁለት ነገር መሥራት እንዳለበት ጽፎ ነበር፦ በቁልፉና በተመሰጠረው መልእክት መካከል ያለውን ዝምድና ማወሳሰብ፣ እንዲሁም የእያንዳንዱን ፊደል ተጽዕኖ በመላው መልእክት ላይ መበተን። የትርምስ ቀመሮች እነዚህን ሁለቱን የሚሠሩ ይመስላሉ፤ ተመራማሪዎችን የሳባቸውም ይኸው መመሳሰል ነው። ሮበርት ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1989 የመጀመሪያዎቹን ሐሳቦች አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ዊለር የተባለ ተመራማሪ በኮምፒውተር ላይ ሲሰላ ተከታታዩ አጭር ዙር ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል አሳየ። ማስጠንቀቂያው ከሐሳቡ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

ለምስል የሚሆነውን ቅርጽ ያስያዘው የፍሪድሪች እ.ኤ.አ. የ1998 ሥራ ነው። ዳቦ ሲቦካ ሊጡ እንደሚዘረጋ፣ እንደሚቆረጥና እንደሚደራረብ ሁሉ ምስሉም ተዘርግቶና ተቆርጦ ይደራረባል፤ ቀመሩም ስሙን ያገኘው ከጋጋሪ ነው። ፒክስሎች መጀመሪያ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ቀጥሎ የእያንዳንዳቸው እሴት ከቀደመው ፒክስል ጋር እየተያያዘ ይቀየራል፤ ይህ ብዙ ዙር ይደጋገማል። ሶላክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንንም ሥርዓት የሚሰብር ጥቃት አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ ሥርዓቶች የፍሪድሪች ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ ዙሩን ቀንሰው፣ ቀመሩን በሌላ ቀመር ተክተው የቀረቡ። ፍጥነት ለማግኘት ተብሎ ወደ አንድ ዙር የወረዱት ከወላጃቸው ይልቅ ደካሞች ናቸው።

ሦስት ምስል በቂ የሚሆንበት ምክንያት

በብዛት የሚታየውን ሥርዓት እንውሰድ። ምስሉ 256 በ256 ነው፤ በጠቅላላው 65,536 ፒክስል። እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ነው፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ። ፒክስሎቹ በምስጢር ቅደም ተከተል ቦታ ይቀያየራሉ። ከዚያ የቀመሩ ውጤት በ256 ተባዝቶ፣ ከነጥብ በኋላ ያለው ተጥሎ፣ ከፒክስሉ ጋር በኤክስኦር ይጣመራል። ኤክስኦር ማለት ሁለት ቢቶች (0 ወይም 1 የሆኑ የኮምፒውተር አሃዞች) አንድ ዓይነት ከሆኑ 0፣ ከተለያዩ 1 የሚሰጥ ስሌት ነው፤ በአንድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲሠራ ወደ መነሻው ይመልሳል።

ከላይ ያገኘናቸው 0.819፣ 0.578 እና 0.951 በዚህ መንገድ 209፣ 148 እና 243 ይሆናሉ። የመጀመሪያው ቦታ ላይ ያረፈው ፒክስል 200 ከሆነ፣ 200 ከ209 ጋር በኤክስኦር 25 ይሰጣል፤ የተመሰጠረው ምስል ላይ የሚታየውም 25 ነው። ቁልፉን የያዘ ሰው 25ን ከ209 ጋር መልሶ ሲያጣምር 200ን ያገኛል። እስከዚህ ምንም ችግር የለም።

አሁን አጥቂው ድፍን ጥቁር ምስል እንዲመሰጠር ያደርጋል። ሁሉም ፒክስል 0 ስለሆነ ቦታ መቀያየሩ ምንም አይለውጥም፤ ጥቁርን በጥቁር መተካት ነው። 0 ከ209 ጋር በኤክስኦር ያው 209 ነው። ስለዚህ የሚወጣው «የተመሰጠረ» ምስል ራሱ የቁልፍ ቁጥሮቹ ዝርዝር ነው፤ 209፣ 148፣ 243 እያለ እስከ 65,536ኛው ድረስ። አጥቂው 0.3ንም 3.9ንም አላወቀም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

የቀረው የቦታ ቅያሪው ነው። ሁለተኛ ምስል ይሠራል፤ በዚህኛው ምስል እያንዳንዱ ፒክስል የቆመበትን የረድፍ ቁጥር ይይዛል፤ የላይኛው ረድፍ ሁሉም 0፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉም 1፣ የመጨረሻው ሁሉም 255። በሦስተኛው ምስል እያንዳንዱ ፒክስል የዓምዱን ቁጥር ይይዛል። ሁለቱን አስመስጥሮ፣ ከጥቁሩ ምስል ያገኘውን ዝርዝር በኤክስኦር ሲያነሳላቸው፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ «ከ17ኛው ረድፍ፣ ከ203ኛው ዓምድ የመጣሁ ነኝ» የሚል አድራሻ ያነባል። የቅያሪው ካርታ በእጁ ገባ። ከዚህ በኋላ በዚያው ቁልፍ የተመሰጠረ ማንኛውም ባለ 256 ምስል በሰከንድ ክፍልፋይ ይከፈታል። ምስሉ 512 በ512 ቢሆን ፒክስሎቹ 262,144 ስለሚሆኑ አድራሻው በሁለት ባይት (አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል) አይበቃም፤ ሦስት ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው አራት ምስል። ምስሉ ባደገ መጠን የአጥቂው ሥራ የሚጨምረው እንደዚህ በጥቂቱ ነው። ቼንግቺንግ ሊና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2011፣ ጆልፋዪና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2016 ይህንን በሒሳብ አረጋግጠዋል፦ ቦታ ማቀያየር ብቻውን፣ ቅያሪው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ በጥቂት ምስሎች ይፈታል።

መጀመሪያ ኤክስኦር ተሠርቶ ኋላ ቦታ ቢቀያየርስ? ለውጥ የለውም። ጥቁሩ ምስል ያኔ የተቀያየረውን የቁልፍ ዝርዝር ይሰጣል፤ አጥቂው የሚፈልገውም እሱኑ ነው።

«ማን ነው ለአጥቂ ጥቁር ምስል የሚመሰጥርለት?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ቁልፉ በውስጡ የተቀመጠበት የስልክ መተግበሪያ ይመሰጥርለታል። ምስል ጫኑ የሚል ድረ ገጽ ይመሰጥርለታል። በአንድ ተቋም ውስጥ ሁሉም ሠራተኛ በሚጠቀምበት ቁልፍ የሚሠራ ኮምፒውተር ይመሰጥርለታል። አሠራሩ ምስጢር ስለሆነ አይደረስበትም ማለትም አያዋጣም፤ ኦጉስት ኬርክሆፍስ እ.ኤ.አ. በ1883 እንዳስቀመጠው ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሁሉ ጠላት እጅ ቢገባም ሥርዓቱ መቆም አለበት።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ለአጥቂው ሳይጠየቅ የሚሰጠው ነው። የአልትራሳውንድ ምስል እንደ ማራገቢያ ቅርጽ ነው፤ ከማራገቢያው ውጭ ያሉት ጥጎች ብዙውን ጊዜ ድፍን 0 ናቸው። የሲቲ ስካን ዳር ዳሩም ጥቁር ነው። የጉርድ ፎቶ ጀርባ ነጭ ነው። ቦታ ሳይቀያየር በኤክስኦር ብቻ የሚመሰጠር ከሆነ የአልትራሳውንዱ ጥግ የቁልፉን ቁጥሮች ራቁታቸውን ያወጣቸዋል። ሁለት ታካሚዎች በአንድ ቁልፍ ከተመሰጠሩ ደግሞ ሁለቱን የተመሰጠሩ ምስሎች እርስ በርስ በኤክስኦር ማጣመር ብቻ ቁልፉን ያጠፋዋል፤ የሚቀረው የሁለቱ ምስሎች ድርብ ጥላ ነው፤ የአጥንቱም ጠርዝ፣ ጥግ ላይ የተጻፈው ስምም እዚያ ውስጥ ይነበባል። ፒክስሉን ትተው ሙሉ ፋይሉን የሚመሰጥሩትም ከዚህ አያመልጡም፤ የፒኤንጂ ፋይል ሁልጊዜ በ137፣ 80፣ 78፣ 71 ይጀምራል፤ ይህን የማያውቅ አጥቂ የለም።

ሰንሰለቱም አያድንም

ለዚህ የሚሰጠው መልስ እሴቶቹን በሰንሰለት ማያያዝ ነው፤ አዲሱ ፒክስል ከቁልፉ ቁጥርና ከቀደመው የተመሰጠረ ፒክስል ጋር በኤክስኦር ይጣመራል። አንድ ፒክስል ሲነካ ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ይለወጣሉ፤ ይህም ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ቀድሞ የተመሰጠረው ፒክስል ለአጥቂውም ይታያል። ቀዳሚው 25፣ አዲሱ ፒክስል 60፣ የቁልፉ ቁጥር 148 ቢሆን ውጤቱ 177 ነው። አጥቂው ዋናውን ምስል ቢያውቅ 177ን ከ25 ጋር ያጣምራል፣ 168፤ ያንን ከ60 ጋር፣ 148። የቁልፉ ቁጥር ወጣ። ቦታ ማቀያየር ካልተጨመረበት የሚያስፈልገው አንድ የታወቀ ምስል ብቻ ነው። ስሌቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ኤክስኦር ብቻ ስለሆነ የሚሸሽግ ነገር የለውም፤ ጥሩ ምስጠራ ውስጥ ይህን ቀጥተኛነት የሚሰብር የመተኪያ ሠንጠረዥ ወይም እሱን የሚተካ ስሌት ይኖራል።

ሌላው መፍትሔ ቁልፉን ከምስሉ ጋር ማሰር ነው። አንዳንዶች የፒክስሎቹን ድምር መነሻ ያደርጉታል። አጥቂው ድምራቸው እኩል የሆኑ ምስሎችን ያዘጋጃል፤ አንዱ ላይ 1 ጨምሮ ሌላው ላይ 1 ይቀንሳል፤ የቁልፉ ዝርዝር ሳይለወጥ ጥቃቱ ይቀጥላል። ሌሎች የምስሉን የሻ-256 ሃሽ፣ ማለትም ከምስሉ ተሰልቶ የሚወጣ የ32 ባይት አሻራ፣ ይወስዳሉ። ይህ ጥቁሩን ምስል ይከለክላል፤ ግን ተቀባዩ ምስሉን ሳያይ ሃሹን ከየት ያገኛል? ለእያንዳንዱ ምስል 32 ባይት በምስጢር መላክ ግድ ይሆናል። በየቀኑ 32 ባይት በምስጢር የሚያደርስ መንገድ ያለው ሰው ደግሞ ችግሩ ቀድሞውኑ ተፈትቶለታል። ሃሹ ከምስሉ ጋር በግልጽ ከተላከ፣ አጥቂው ያንኑ ሃሽ ይዞ የራሱን የተመሰጠሩ ምስሎች ለፈቺው ያቀርባል፤ ከሌላ በር ይገባል።

ኮምፒውተር ውስጥ እውነተኛ ትርምስ የለም

ትርምስ የሚባለው ጠባይ የተረጋገጠው ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞቻቸው ማለቂያ ለሌላቸው ቁጥሮች ነው። ኮምፒውተር ግን ቁጥሩን በ64 ቢት ይይዛል፤ ከእነዚህ ውስጥ አሃዞቹን የሚሸከሙት 53 ቢት ያህል ናቸው። ልዩነቱን በዓይን ለማየት አንድ ሙከራ ይበቃል። 0.1ን ይያዙ፣ በ2 ያባዙት፣ 1 ከሞላ ወይም ከበለጠ 1 ይቀንሱለት፣ ይድገሙት። በሒሳብ ይህ ቀመር የትርምስ ምሳሌ ተብሎ የሚጠቀስ ነው። በፓይተን ሲሠራ ግን በ54ኛው ዙር 0.5 ይሆናል፤ በ55ኛው 0፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዘላለም 0 ነው። እያንዳንዱ ማባዛት አንድ ቢት ገፍቶ ያወጣል፤ ቢቶቹ ሲያልቁ ተከታታዩ ይሞታል። ድንኳን የሚመስለው ቴንት ማፕ በ2 ሲሠራም መጨረሻው ይኸው ነው።

ሎጂስቲክ ማፕ እንዲህ ባንድ ጊዜ አይሞትም፤ በሽታው ሌላ ነው። በ3.9 ሲሠራ ከጥቂት ዙር በኋላ ውጤቱ ከ0.975 አይበልጥም፣ ከ0.095 አያንስም። በ256 ሲባዛ ከ24 በታችና ከ249 በላይ ያለ ባይት በፍጹም አይወጣም። ትልቁ ውጤት ሁልጊዜ የማባዣው ሩብ ስለሆነ፣ የቁልፍ ዝርዝሩን ያየ ሰው ትልቁን ባይት ፈልጎ ማባዣው 3.9 አካባቢ መሆኑን ያነባል፤ ምስጢር የተባለው የቁልፉ ግማሽ በዚህ ተገመተ። ማባዣውን 3.83 ያደረገ ሰው ደግሞ ትርምስ የመረጠ መስሎት ሦስት ቁጥር ብቻ የሚዞር ተከታታይ ያገኛል፤ 39፣ 129፣ 245፣ እንደገና 39፣ 129፣ 245። ከ3.57 እስከ 4 ያለው ሁሉ ቁልፍ ይሆናል የሚሉ ጽሑፎች እነዚህን የተረጋጉ መስኮቶች ቆጥረው አይቀንሱም። 0.3ን እና 0.7ን ደግሞ ያስተውሏቸው፤ 0.3 ሲባዛ በ0.7 እና 0.7 ሲባዛ በ0.3 አንድ ስለሆኑ ሁለቱም መነሻዎች አንድ ዓይነት ተከታታይ ይሰጣሉ። «የቁልፎቻችን ብዛት 1 ላይ 60 ዜሮ ተጨምሮበት ነው» ከሚለው ላይ ይህ ሁሉ መቀነስ ነበረበት።

ይህን ለመሸሸግ ውጤቱን በ100 ትሪሊዮን አባዝቶ በ256 ሲካፈል የሚቀረውን መውሰድ የተለመደ ነው። ባይቶቹ ያኔ እኩል ይበተናሉ፤ ነገር ግን የተወሰዱት የመጨረሻዎቹ አሃዞች ናቸው፤ እነሱን የሚወስነው ደግሞ ኮምፒውተሩ ቁጥር የሚያጠጋጋበት መንገድ ነው። በዚህ የተነሳ ተማሪዎችን ብዙ ሌሊት የሚያስለቅስ ችግር ይመጣል፦ ላፕቶፕ ላይ የተመሰጠረው ስልክ ላይ አይፈታም። ማባዛቱን በፊትና በኋላ ማድረግ፣ ወይም ማባዛትና መደመርን አንድ ላይ የሚሠራ ፕሮሰሰር መጠቀም የመጨረሻውን ቢት ይቀይራል፤ ትርምስ ደግሞ ያንን አንድ ቢት ከ70 ወይም ከ80 ዙር በኋላ ሙሉ ልዩነት ያደርገዋል። ጥንካሬ ተብሎ የተመረጠው ጠባይ ራሱ ሥርዓቱን ለተግባር የማይበቃ ያደርገዋል።

የአርኖልድ ድመት የሚባለው ቦታ ማቀያየሪያም እንዲሁ ነው። 256 በ256 ምስል ላይ 192 ጊዜ ሲደገም ምስሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ 124 በ124 ላይ በ15 ዙር ብቻ። አጥቂው ቁልፍ ሳይፈልግ ማዞሩን መቀጠል ይችላል። በጥግ ላይ ያለው የመጀመሪያ ፒክስል ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የቀመሩ ቁጥሮች ላይ 256 ቢጨመርባቸውም ለውጥ የለም፤ 3 እና 259 አንድ ቁልፍ ናቸው።

ያማሩት ቁጥሮች ምን ይለካሉ?

ይህ ሁሉ ቀዳዳ እያለ ጽሑፎቹ እንዴት ያልፋሉ? ብዙዎቹ የሚቀርቡት ከአንድ ዓይነት ሠንጠረዥ ጋር ነው። ሂስቶግራሙ (እያንዳንዱ የፒክስል እሴት ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚያሳየው ሥዕል) ጠፍጣፋ ነው። ኢንትሮፒው፣ ማለትም የዘፈቀደነት መለኪያው፣ 7.99 ነው፤ ጣሪያው 8። የጎረቤት ፒክስሎች ተዛምዶ ወደ 0 ወርዷል። አንድ ፒክስል ሲቀየር ከተመሰጠሩት ፒክስሎች ስንቱ እንደሚቀየር የሚለካው ኤንፒሲአር 99.61 በመቶ አካባቢ፣ የለውጡን መጠን የሚለካው ዩኤሲአይ 33.46 በመቶ አካባቢ። እነዚህ ቁጥሮች ከየትም የመጡ አይደሉም፤ ሁለት ባለ 8 ቢት የዘፈቀደ ምስሎች ሲነጻጸሩ በአማካይ የሚገኙት ናቸው።

ሁሉም የሚለኩት ግን ምስሉ ምን እንደሚመስል ነው። የፓይን አሃዞች ወስዶ ከምስሉ ጋር በኤክስኦር ማጣመር ሂስቶግራሙን ጠፍጣፋ ያደርጋል፣ ኢንትሮፒውን ከፍ፣ ተዛምዶውን ዝቅ ያደርጋል፤ ፓይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሁሉ ግን ይከፍተዋል። ፕራይሽሁበር፣ ሁተር፣ ካትዘንባይሰርና ኡል እ.ኤ.አ. በ2018 ይህንን በተግባር አሳይተዋል፤ ሆን ብለው ደካማ አድርገው የሠሯቸው ምስጠራዎች የተለመዱትን ፈተናዎች አለፉ። ፈተናውን መውደቅ ደካማነትን ያሳያል፤ ማለፍ ግን ስለ ጥንካሬ የሚለው ነገር የለም። አልቫሬዝና ሊ እ.ኤ.አ. በ2006 ማንኛውም የትርምስ ምስጠራ ሊያሟላ የሚገባውን ዝርዝር ሲያወጡ፣ 2 መቶ ጊዜ እርስ በርሱ ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር (2^100) ያላነሰ የቁልፍ ብዛትና የታወቁ ጥቃቶችን መቋቋም ከመሠረታዊዎቹ ነበሩ፤ ብዙዎች የመጀመሪያውን ጠቅሰው ሁለተኛውን ያልፉታል።

በጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪ ቀን ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቤቱ የጎደለው፣ ምሥጢሩ ያልገጠመው እዚያው ይታረማል። «እኔ ሳየው ያምራል» የሚል ነገራ የለም። ምስጠራም ተመዝኖ የሚያልፈው በሠሪው ሠንጠረዥ ሳይሆን ሊያፈርሰው በተነሳ ሰው እጅ ነው። ሪንዳል የተባለው የዳመንና የራይመን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ኤኢኤስ ተብሎ የምስጠራ ደረጃ (ስታንዳርድ) ከመሆኑ በፊት ለዓመታት በግልጽ ውድድር ሌሎች ባለሙያዎች ሊያፈርሱት ሞክረዋል፤ እስከዛሬም ይሞክራሉ።

ታዲያ በምን እንመስጥር?

የትርምስ ጽሑፎች መግቢያ ብዙውን ጊዜ «ኤኢኤስ ለምስል ይዘገያል» ይላል። ባለ 512 ጥቁርና ነጭ ምስል ሩብ ሜጋባይት ነው፤ ኤኢኤስን በቀጥታ የሚሠራ ትእዛዝ በውስጡ ያለው የዛሬ ፕሮሰሰር በሰከንድ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይመሰጥራል። ያ ትእዛዝ በሌለው ርካሽ ስልክ ላይ ቻቻ20 የተባለው ሌላ ምስጠራ ፈጣን ነው። ሌላው ክስ በኤኢኤስ የተመሰጠረ ምስል ላይ የዋናው ጥላ ይታያል የሚለው ነው፤ ይህ የሚሆነው ኢሲቢ በሚባለው አሠራር እያንዳንዱ 16 ባይት ለብቻው ሲመሰጠር ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የአጠቃቀሙ ነው።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ምስሉ መጀመሪያ ይጨመቃል፤ ከተመሰጠረ በኋላ አይጨመቅም፣ ምክንያቱም ኢንትሮፒው 8 የደረሰ ነገር የሚቀነስ የለውም። ከዚያ ፋይሉ እንዳለ በኤኢኤስ-256 ጂሲኤም ወይም በቻቻ20-ፖሊ1305 ይመሰጠራል። ሁለቱም 32 ባይት ቁልፍ፣ 12 ባይት የሆነ አንዴ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር፣ እና መጨረሻ ላይ 16 ባይት የማረጋገጫ መለያ አላቸው። መለያው አብዛኞቹ የትርምስ ሥርዓቶች የረሱትን ሥራ ይሠራል፦ ሰው መንገድ ላይ አንድ ቢት ቢነካ ፋይሉ አልከፈትም ይላል፤ የራጁ ላይ ነጠብጣብ ተጨምሮ ሐኪም አይሳሳትም። አንዴ የተባለው ቁጥር በአንድ ቁልፍ ሁለት ጊዜ ከዋለ ግን እዚህም የጥቁሩ ምስል ታሪክ ይመለሳል። ቁጥሩን በዘፈቀደ ለማውጣት ያሰበ 24 ባይት የሚቀበለውን ኤክስቻቻ20 ይምረጥ፤ ሊብሶዲየም በተባለው የኮድ ስብስብ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ቁልፉ ከይለፍ ቃል የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ለዚሁ በተሠራው ስሌት፣ በአርጎን2 ይለፍ።

ኮድ ለማይጽፍ የጤና ባለሙያ 7-ዚፕ ይበቃል፤ በሰባት ዜድ ፎርማት ኤኢኤስ-256 ይጠቀማል፣ የፋይል ስሞችንም የሚመሰጥር ምርጫ አለው። የታካሚው ስም ፋይሉ ላይ ከተጻፈ ያንን ምርጫ ማብራት ግድ ነው። የይለፍ ቃሉ በዚያው በቴሌግራም አይላክም፤ ደውሎ መናገር ይሻላል።

በትርምስ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ተማሪ የሚቀርበት ነገር የለም። የታተመ ሥርዓት መርጦ፣ ኮዱን ራሱ ጽፎ፣ ጥቁሩን፣ የረድፉንና የዓምዱን ምስል አስመስጥሮ ስንት ምስል እንደሚበቃ መለካት የተሟላ የመመረቂያ ሥራ ነው፤ ሌላ ያማረ ሠንጠረዥ ከመጨመር ይልቅ ይህ ያስፈልገናል። ሙከራውን ከስልክ ወደ ስልክ ሲልክ ግን እንደ ፎቶ አይላክ፤ ቴሌግራም ፎቶን በጄፔግ እንደገና ይጨምቀዋል፣ በዚህም እያንዳንዱ ፒክስል ትንሽ ይዛነፋል፤ በሰንሰለት የተያያዘ ምስል ከዚያ በኋላ ትክክለኛው ቁልፍ ቢኖርም አይፈታም። በፒኤንጂ አስቀምጦ «ፋይል» በሚለው መላክ ያስፈልጋል።